የሟቹ ሐኪም ሰዓት

የበረዶ አካፋ ሊገዛ ወጥቶ የሞተ ሰው ሰዓት አስሮ የሚመለስ ባል ምን እንደሚባል አላውቅም ነበር። ሰናይት ግን ታውቅ ኖሯል። ሰናይት ባለቤቴ ናት። በሩን ከፍታ እጄን አየችና ያለችኝን እዚህ አልደግመውም፤ ይህን ልጆችም ያነቡት ይሆናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ሲሞቱ ልጆቻቸው ከየስቴቱ ይሰበሰቡና ቤቱን ወለል አድርገው ከፍተው እቃውን ለአላፊ አግዳሚው ይሸጡታል። ኢስቴት ሴል ይሉታል። በእኛ ወግ ለቅሶ ቤት የገባ ሰው ብርጭቆ ሳይሰብር ከወጣ ይመሰገናል፤ እዚህ ብርጭቆውን ገዝቶ ይወጣል። ጊዜው የኮቪድ ሁለተኛው ዊንተር ነበር። ሰው ሁሉ አፉንና አፍንጫውን ሸፍኖ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በሟቹ መኝታ ቤት ውስጥ በካልሲዎቻቸው መሀል ይንጎራደዳል። ጫማቸው አልጋው ሥር ተደርድሯል። መነጽራቸው እንደተወለቀ ተቀምጧል። ሐኪም ነበሩ አሉ።

አካፋውን ሌላ ሰው ቀድሞኝ ወስዶታል። ባዶ እጄን ልወጣ ስል ኮመዲኖው ላይ፣ ነጭ ጨርቅ ላይ፣ ሰዓቱን አየሁት። ነጭ የነበረ ገጹ በዘመን ብዛት የቅል መልክ ይዟል። ገጹ ውስጥ እንደ ሁለት ዓይን ጎን ለጎን የተቀመጡ ትንንሽ ክቦች አሉ። መሙያው ግራና ቀኝ ሁለት ቁልፎች ወጥተዋል። ጠርዙን ተከትሎ ጉንዳን የጻፈው የሚመስል የቁጥር ሰልፍ ይዞራል፤ ከታች ደግሞ «ስዊስ» የሚል ቃል አለ። መሀሉ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ቀይ ቆጣሪ ይሮጣል። ባለቤቱ ከሞቱ ወር አልፏቸዋል፤ ቆጣሪው ግን ይሮጣል። ያኔ ይህ ነገር ምንም አልመሰለኝም። ሰው የወደደውን ሲያይ አእምሮው ካፖርቱን አንጠልጥሎ ይወጣል።

ክሮኖግራፍ ነው የሚባለው። ሰዓቱን ከመንገር ሌላ፣ ላይኛውን ቁልፍ ስትጫኑት ቀዩ ቆጣሪ ተነስቶ መቁጠር ይጀምራል፤ ደግማችሁ ስትጫኑት ይቆማል፤ የታችኛውን ስትጫኑ ቱር ብሎ ወደ ቦታው ይመለሳል። ባትሪ የለውም። ቁልፉ ደግሞ ቀላል አይደለም፤ በአውራ ጣት ጠንከር ካላሉበት ንቅንቅ አይልም። ሲጫኑት ግን «ቀጭ» የሚላት ድምፅ አለችው፤ ለእሷ ስል ቤቴ እስክደርስ መሪውን በአንድ እጄ ይዤ ነዳሁ።

ከዚያ በኋላ ያልቆጠርኩት ነገር የለም። የማይክሮዌቩን ቆጠርኩ። ሰናይት ከእህቷ ጋር «ልዘጋው ነው» ካለች በኋላ የምታወራውን ቆጠርኩ። የቄሳችንን ስብከት ልቆጥር ብዬም ነበር፤ የሰዓቱ ትንሽ ክብ ከሠላሳ ደቂቃ በላይ አታውቅም። ስዊሶቹ ብዙ ነገር አስበዋል፤ የእኛን ቄስ አላሰቡም።

አንድ ቀን መንገዱ ሁሉ በረዶ ሆኖ፣ ጎረቤቴ ሚስተር ሄንሪ ደጃፋቸው ያለው የመኪና መግቢያ ላይ ተንሸራተው ሊወድቁ ሲሉ ደረስኩባቸው። ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ደግፌ እስከ በራቸው አደረስኳቸው፤ «ጎበዝ ልጅ» አሉኝ፤ እኔ ራሴ የአርባ ምናምን ዓመት ሰው ነኝ። ቤቴ ገብቼ ጓንቴን ሳወልቅ ቀዩ ቆጣሪ ይሮጣል። አልነካሁትም። ረስቼው ይሆናል ብዬ አቆምኩት። በማግስቱ እሳቸው ቤት አምቡላንስ መጣ። ድምፁን ሳያሰማ መጥቶ፣ ድምፁን ሳያሰማ ሄደ።

አዘንኩ፤ ሁለቱን ነገሮች ግን አላገናኘሁም። ያገናኘኋቸው ጋሼ ደምሴ ሲታመሙ ነው። ጋሼ ደምሴ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፤ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ከወንበራቸው ሲነሱ አጠገባቸው ስለነበርኩ አነሳኋቸው። ፓርኪንግ ሎቱ ውስጥ መኪናዬን ስከፍት እጄን አየሁ። ቀዩ ቆጣሪ ዙሩን ይዞታል። ያን ሳምንት ጋሼ ደምሴ ሆስፒታል ገቡ።

እንግዲህ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስበት ዝም ማለት ይገባዋል። እኔ ለታደለ ነገርኩት። ታደለ፣ ኦቤትስ በሚባል ቦታ፣ በምሠራበት መጋዘን ውስጥ አብሮኝ እቃ ማንሻ ፎርክሊፍት የሚነዳ ጓደኛዬ ነው። ታደለ ምስጢር ይጠብቃል፤ ብቻውን ስለማይችለው ግን ረዳት ጠባቂ ያበዛበታል።

እሁድ ሲደርስ የማያውቅ አልነበረም። በዚያን ጊዜ ሰው ከሰው ስድስት ጫማ ራቅ ብሎ እንዲቆም ታዝዟል፤ ከእኔ ግን ስድስቱ የመንግሥት፣ ስድስቱ የራሳቸው ሆነ። ክርን ለክርን የሚነካኩት ምእመናን እኔ ጋ ሲደርሱ ክርናቸውን ያጥፉታል። ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ዘወትር የምበላበት ምግብ ቤት ባለቤቱ መጸዳጃ ቤቱ ጥግ አስቀምጦኝ፣ «እዚህ ይሞቃል ወንድሜ» አለኝ። አይሞቅም ነበር።

የሚሸሹኝ ሲገርሙኝ የሚፈልጉኝ መጡ። እትዬ ጥሩነሽ የሚባሉ፣ እድሜያቸውን በመደበቅ የታወቁ ሴትዮ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ቤቴ መጡና ሶፋው ላይ ተቀመጡ።

«እስቲ ና አጠገቤ ተቀመጥ» አሉኝ።

«ምነው እትዬ?»

«ሰዓቱ ይንገረኛ። የምሞት ከሆነ ቁርጤን ልወቅና ቀሚሶቼን ላከፋፍል።»

ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሰዓቱን አየን። እኔ ትንፋሼን እውጣለሁ፤ እሳቸው ሻይ ይጠጣሉ። ቀዩ ቆጣሪ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ሊሄዱ ሲነሱ ትንሽ ቅር ብሏቸው ነበር። «ገና ነሽ እያለኝ ነው?» አሉ። በሩ ጋ ደርሰው ደግሞ ዘወር አሉና፣ አማቻቸው ዳላስ እንደሚኖር ነግረውኝ፣ ሰዓቱ በቪዲዮ ኮልም ይሠራ እንደሆነ ጠየቁኝ።

ይህን ሁሉ እንደ ቀልድ ልታዩት ትችላላችሁ፤ እኔም ለሰው ስናገር እስቃለሁ። ብቻዬን ስሆን ግን አልስቅም ነበር። ሥራ ቦታ አንድ ሰው ትከሻዬን ሲነካኝ መጀመሪያ የማየው እጄን ነው። ሰዓቱን ማውለቅም ፈራሁ፤ ባወልቀው ሳላየው ቢነሳስ? ጠበል ልረጨው አስቤ ነበር፤ ውሃ እንደማያስገባ ጀርባው ላይ ስላልተጻፈ ተውኩት።

ከዚያ የቅዳሜው ጠዋት መጣ። ሰናይት ኩሽና ውስጥ ከታችኛው ቁም ሳጥን ትልቁን ድስት ልታወጣ በርከክ ብላ ነበር። ድስቱን አወጣችና እጇን ዘረጋች። ያዝኩላት፤ ተነሳች፤ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እኔ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ዳቦ ልቆርስ እጄን ስዘረጋ ቀዩ ቆጣሪ ይሮጣል።

ሰናይት ሽንኩርት እየከተፈች ትዘፍናለች። ቆጣሪውን ማቆም አቃተኝ። ባቆመው ሌላ ነገር የማቆም መሰለኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ባሏ ሌላ ሰው ሆነባት። ጨው ደበቅኩ። «ደረጃ አትውጪ» አልኳት፤ መኝታ ቤታችን ፎቅ ላይ ነው። ተቀምጣ ሳያት ደረቷ ከፍ ዝቅ ማለቱን አያለሁ። «ሺፍትሽን ቀንሺ» አልኳት። ሰናይት ሆም ኬር ነው የምትሠራው፤ አቅም ያነሳቸውን ሰዎች በየቤታቸው እየሄደች ታነሳለች፣ ታጥባለች፣ ታስተኛለች።

«አንተ፣ ከሥራ አስወጡህ እንዴ?» አለችኝ።

«አላስወጡኝም።»

«ታዲያ ምንድን ነው እንደ ድመት የምትከተለኝ?»

ልጃችን ቤቲ ከስልኳ ቀና ሳትል፣ «ማም፣ ሂ ኢዝ ስኬርድ ኦፍ ሂዝ ዋች» አለች፤ ሰዓቱን ፈርቶ ነው ማለቷ ነው። ልጆች ሁሉን ያውቃሉ፤ የሚናገሩት ግን በማትፈልጉት ሰዓትና በሌላ ቋንቋ ነው። ሰናይት እጄን አየች። ወሬውን ሰምታለች ማለት ነው። «እኔ ላይ ተነሳብህ?» አለችኝ። «የለም» አልኳት። ኮቷን ለብሳ ወደ ሥራዋ ሄደች።

እኔም በዚያው ቀን ፈቃድ ወስጄ ፍራንክሊንተን ሄድኩ። እዚያ ሰዓት የሚጠግኑ አንድ አሜሪካዊት አሮጊት እንዳሉ ሰምቼ ነበር። ሱቃቸው ጠባብ ናት። ግድግዳው ከወለል እስከ ጣሪያ ሰዓት ነው፤ ሁሉም ይሄዳሉ፤ አንዱ ከሌላው ጋር አይስማማም። ገብቼ ስቆም ብዙ ሰው በሹክሹክታ የሚያወራበት ክፍል የገባሁ መሰለኝ። ሴትየዋ ዓይናቸው ላይ ማጉያ እንደሰኩ ቀና አሉ። አንዱ ዓይናቸው የፈረስ ዓይን ያህላል።

«ምን ሆነ?» አሉኝ።

«በራሱ ይነሳል።»

ሰዓቱን ተቀብለው ጀርባውን ፈተው ከመብራቱ ሥር አደረጉትና ማጉያ ሰጡኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። እውነቴን ነው፣ እንዲህ ያለ ነገር አያለሁ ብዬ አልጠበቅኩም። ከጥፍሬ የማይበልጡ ክንዶች አንዱ በሌላው ላይ ተደራርበዋል፤ ብሎኖቹ ሰማያዊ ናቸው፤ እንደ ሮማን ፍሬ የቀሉ ድንጋዮች ውስጥ ትንንሽ ዘንጎች ይዞራሉ። መሀሉ ላይ አንዲት ጎማ ወዲያ ወዲህ ትላለች፤ በፍጥነቷ የወፍ ልብ ትመስላለች። በአንድ ጥግ ደግሞ ዙሪያዋን ዓምድ የቆመላት፣ እንደ ትንሽ ግንብ ያለች ነገር አለች።

«ይህን ጠርዝ አየኸው?» አሉኝ በቀጭን መርፌ እያሳዩ። «በእጅ ነው የተሞረደው። እስኪያበራ ድረስ በእንጨት ታሽቷል።»

«ክዳን ሥር አይደለም እንዴ? ማን ያየዋል?»

«ማንም። የሚከፍተው ሰው ብቻ።»

«ስንት ሰው ከፍቶታል?»

«ከእኔ በፊት ጥቂቶች። አብዛኞቹ ሞተዋል።»

ይህን ያሉት እንደ አየር ሁኔታ ዜና ነው። ቀጥለው ቁልፉን ተጫኑና እንዳይ አዘዙኝ። ግንቧ አንዲት ጥርስ ያህል ዞር አለች፤ አንዱ ክንድ በሁለት ዓምዶች መሀል ወደቀ፤ ተራርቀው የነበሩ ሁለት ጎማዎች ጥርስ ለጥርስ ተያያዙ። ቀዩ ቆጣሪ የሚነሳው ያኔ ነው።

«መንገዱ ይህ ብቻ ነው» አሉኝ። «ሌላ የለውም። ሞላው ደህና ነው፤ ጥርሱ ደህና ነው። ቁልፉ ካልተጫነ አይነሳም።»

«እኔ አልተጫንኩትም።»

«እንግዲያው ሌላ ሰው ተጭኖታል።»

ግድግዳው ላይ ያሉት ሰዓቶች ሁሉ የሰሙን መሰለኝ። የሟቹን ቤት ነገርኳቸው፤ ሐኪም እንደነበሩም ነገርኳቸው። «ይህን ታዲያ አላወቅከውም?» ብለው ጠርዙ ላይ ያለውን የጉንዳን ጽሕፈት አሳዩኝ። የልብ ምት መለኪያ ነው ለካ። የበሽተኛውን እጅ ይዘህ ቁልፉን ትጫናለህ፤ ሠላሳ ምት ስትቆጥር ታቆመዋለህ፤ ቀዩ ቆጣሪ የቆመበት ቁጥር ልቡ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚመታ ይነግርሃል። ለሐኪም ተብሎ የተሠራ ነው። ደግሞም ሞልተህ ብትተወው ሁለት ቀን አይሄድም አሉኝ። ያኔ ነው ኮመዲኖው ላይ ይሮጥ የነበረው ትዝ ያለኝ። ጠየቅኳቸው።

«የሸጡልህ ሰዎች ሞልተውት ይሆናል» አሉ።

«ይሆናል» አልኩ።

ሰዓቱን ገጥመው ሰጡኝ፤ እጄ ላይ አሰርኩት። ሴትየዋ ሊሸኙኝ ከበርጩማቸው ሲነሱ ጉልበታቸው አልታዘዝ አላቸው፤ እጃቸውን ዘረጉ፤ ያዝኩላቸው፤ ክብደታቸውን ሁሉ ጣሉብኝ። «ቀጭ» አለ።

ሁለታችንም ሰማነው። ቀዩ ቆጣሪ ተነሳ።

እጄን እሳት እንደነካው መንጠቅ ፈልጌ ነበር፤ ብለቃቸው ይወድቃሉ። እንደያዝኳቸው ቀረሁ። እኚህንም ገደልኳቸው አልኩ በልቤ፣ ያውም ክፍያ ሳይጠይቁኝ። ሴትየዋ ግን አልደነገጡም። ማጉያቸውን ወደ እጄ አቀረቡና፣ «እንደዚሁ ቆይ» አሉኝ። «መዳፍህን አየኸው? ወደ ኋላ ታጥፏል። ሰው ሲደገፍህ የእጅህ ጀርባ ቁልፉ ላይ ይወጣበታል።» ደግመው ተደገፉኝ፤ «ቀጭ» ብሎ ቆመ። ለሦስተኛ ጊዜ ተደገፉኝ፤ «ቀጭ» ብሎ ተነሳ። «ቁልፉ ጠንካራ ነው፤ ትንሽ ብትነካው አይታዘዝህም። ሙሉ ክብደት ይፈልጋል» አሉና ሳቁ። ጥርሳቸውም እንደ ሰዓቶቻቸው አይስማማም።

ሳዮቶ ወንዝን ተሻግሬ ስመለስ መኪናዬ ውስጥ ብቻዬን እስቅ ነበር። ሚስተር ሄንሪ በረዶው ላይ ተደግፈውኛል። ጋሼ ደምሴ ከወንበር ሲነሱ ተደግፈውኛል። የሚደገፍ ሰው አቅም የከዳው ሰው ነው፤ አቅም የከዳው ሰው ይታመማል፤ በቃ። እትዬ ጥሩነሽ አልተደገፉኝም፤ እሳቸው እንኳን እኔን የሶፋውን መደገፊያ አልተደገፉም። ሙታን የሉበትም፣ መንፈስ የለበትም፣ ክብደት ነው። ለታደለ ኮል ላደርግ ስልኬን አነሳሁ።

ከዚያ ሰናይት ትዝ አለችኝ።

ሰናይት ተደግፋኝ አታውቅም። ቤቲን ልትወልድ ስትሄድ መኪናው ውስጥ ራሷ ነው የገባችው። ከእሷ እጥፍ የሚከብዱ ሰዎችን ከአልጋ የምታነሳ ሴት ናት። ድስት ልታወጣ በርከክ ብላ እጇን ስትዘረጋልኝ ነገሩ ለምን አልገረመኝም? ቁልፉን ለመጫን ሙሉ ክብደት ይፈልጋል ብለውኛል። ስልኩን መልሼ አስቀመጥኩት። መንፈስ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ቤት ስደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ሰናይት ከሥራ ተመልሳ ደረጃው መሀል ላይ ተቀምጣለች። የታጠበ ልብስ የሞላው ዘንቢል አጠገቧ ነው። ከንፈሯ ቀለም የለውም።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ምንም። ልብሱን ለማን ለማን እንደማጥፈው እያሰብኩ ነው።»

አጠገቧ ተቀመጥኩና እጇን ያዝኩ። የደም ሥሯን ፈልጌ አገኘሁት፤ ቁልፉን ተጫንኩ። ቀዩ ቆጣሪ ተነሳ። አንድ። ጠበቅኩ። ሁለት። ከዚያ ምንም የለም። ቤቱ ውስጥ ከሰዓቱ ድምፅ በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም። ጣቴ የሳተ መስሎኝ ላነሳው ስል፣ ሦስት። ሰናይት ታየኛለች፤ አልቀለደችም። ያኔ ነው የምር የፈራሁት። ቀዩ ቆጣሪ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አልፎ የመጨረሻውንም አለፈ፤ ሠላሳ ግን ገና አልሞላም። ባዶው ጠርዝ ላይ ሄደ። ሐኪሞቹ ከዚያ በታች ቁጥር አላጻፉም።

«ጫማሽን አድርጊ» አልኳት።

«ነገ ጠዋት ሺፍት አለኝ።»

«ኮል አድርጊና ቅሪ።»

እንደ ወትሮው ትከራከረኛለች ብዬ ጠበቅኩ። አልተከራከረችም። እጇን ዘረጋችልኝ።

በዚያ ዘመን ሆስፒታል አስታማሚ አያስገባም። እሷን በወንበር ወሰዷት፤ እኔ ፓርኪንግ ሎት ውስጥ መኪናዬ ውስጥ ቀረሁ። አንድ ሐኪም ደውሎ ልብን የሚያንቀሳቅሰው መልእክት መንገድ ላይ እየተቆረጠ እንደሆነ፣ ትንሽ መሣሪያ ደረቷ ውስጥ እንደሚቀብሩላት ነገረኝ። «እንደዚህ ሆና ትሠራ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። ቀጥሎ ሰናይት ራሷ ደወለች። ባለፈው ጊዜ ኮቪድ ይዟት ከዳነች ወዲህ፣ ደረጃ ስትወጣ ዓይኗ ይጨልም ኖሯል።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ልነግርህ ነበር። ስመጣ ሁልጊዜ እጅህን ታያለህ። የሰዓቱ ነገር ሲወጣለት እነግረዋለሁ እያልኩ ቀረ።»

የመኪናው መስታወት በትንፋሼ ተሸፍኖ፣ ውጪው አይታይም ነበር።

ዳነች። መሣሪያው ተቀበረላት። ጋሼ ደምሴም ከሆስፒታል ወጥተው ነበርና በከዘራ ሊጠይቋት መጡ፤ ለእሳቸውም ለታደለም ስለ ቁልፉና ስለ ክብደቱ አስረዳሁ። ማንም አላመነኝም። እውነት ከወሬ በኋላ ስትደርስ መቀመጫ አታገኝም። ይልቅስ «ሚስቱን ያዳነው ሰዓት» ተባለና፣ ይሸሹኝ የነበሩት ምእመናን የልብ ምታቸውን እንድቆጥርላቸው እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ ተሰለፉ። ምግብ ቤቱም መሀል አስቀመጠኝ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ይበርዳል።

ሰናይት ሥራ የተመለሰችው ሐኪሞቹ ከፈቀዱላት በኋላ ነው። በዚያው ጠዋት ሰዓቱን ጠረጴዛው ላይ አገኘችውና አንስታ እጇ ላይ አሰረችው። «ለበሽተኞቼ ምት ይጠቅመኛል» አለች። የሟች እቃ ነው ያለችውን ላስታውሳት አሰብኩና ተውኩት።

ወደ ማታ ተመለሰች። ኮቷን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። ቀዩ ቆጣሪ ይሮጣል።

«በማን ላይ ነው የተነሳው?» አልኳት።

«በማን ይሁን? በሁሉም ነው። ሽማግሌውን ከገንዳ አወጣሁ፣ ተነሳ። አሮጊቷን ምንጣፉን አሻገርኩ፣ ቆመ። ልጅ የሌላት አለች አይደል፣ እሷ ደግሞ ደህና ዋይ ስላት ትንሽ ተደግፋኝ ቆየች። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።» እጇን ጉልበቴ ላይ ጣለችው። «አቁምልኝ፤ ደክሞኛል።»

ላይኛውን ተጫንኩ፤ ቆመ። የታችኛውን ተጫንኩ። ቀዩ ቆጣሪ በአንዴ ወደ ላይ ተመልሶ ጸጥ አለ፤ ቀኑን ሙሉ ማንም ያልተደገፋት ይመስል።